ወጣቶችን ለአየር ንብረት ስራ ማነሳሳት የምትፈልጉ፣ ከንግግር በፊት አፈር አስነኳቸው

ክበብ የምትመሩ አስተማሪዎች፣ የሰፈር ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤትም የመድረሳም ልጆች የምትይዙ ሁላችሁ፣ ይሄን የምፅፍላችሁ አዲስ አበባ ውስጥ የትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ለአመታት ስይዝ ቆይቼ ልጆችን ምን እንደሚያነሳሳቸው ምን ደሞ እንደሚያቀዘቅዛቸው ስላየሁ ነው። መጀመሪያ አካባቢ በፕሮጀክተር ነበር የምጀምረው፣ የሚቀልጥ የበረዶ ተራራ፣ ግራፍ፣ ነጭ ድብ አሳያቸዋለሁ፣ ፀጥ ብለው ያያሉ፣ ሲያልቅ ያጨበጭባሉ፣ ከዛ በሩ ላይ የብስኩት ላስቲካቸውን ጥለው ይወጣሉ። ልጆቹ ላይ አልፈርድም፣ የበረዶ ተራራ አይቶ ለማያውቅ ልጅ መቅለጡ ምኑ ነው? እሱ የሚያውቀው ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን ይዞ መሰለፍ፣ ክረምት ላይ ቦዩ በፌስታል ተደፍኖ ጎርፉ ግቢ ሲገባ፣ እናቱ ከሰል ተወደደ ብላ ስታማርር ነው። እዛው ጀምሩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ስራ መጠየቅ ነው

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የቤት ስራ ስጡት፣ አያቱን ወይ ሰፈር ውስጥ ያሉ ትልቅ ሰው ይጠይቅ፣ እርስዎ ልጅ እያሉ ዝናቡ መቼ ነበር የሚገባው፣ የትኛው ምንጭ ነበር አሁን የሌለ፣ ወንዙ ውስጥ ይዋኝ ነበር ወይ፣ በቃ። በደብተር አንድ ገፅ ፅፎ ይምጣ፣ ክፍል ውስጥ ይነበብ። እኔ ጋ አንድ ልጅ ስለ ሀረማያ ሀይቅ ይዛ መጣች፣ አያቷ የሀረርጌ ሰው ናቸው፣ ያ ለሀረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረ ሀይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት ሲሄድበት በአይናቸው አይተዋል። ክፍሉ እንደዛ ፀጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ሌላው የቦረና ዘመዶቹን አነሳ፣ ከ2013 ጀምሮ 5 የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲቀር ከብቶቻቸው ያለቁባቸውን።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር አደራ፣ ሁሉንም ነገር የአየር ንብረት ለውጥ ነው አትበሏቸው። የሀረማያ መድረቅ ውስጥ ለጫትና ለአትክልት ያለልክ በሞተር የተሳበ ውሃ አለበት፣ ከተራቆተው ኮረብታ የታጠበ ደለልም አለበት። ደሞ በቅርብ አመታት ውሃው መመለሱንም ንገሯቸው። ልጅ እውነቱ ሲነገረው ነው የሚያምናችሁ፣ አንድ ጊዜ አጋናችሁ ከያዛችሁ ሌላውንም አይሰማችሁም፣ ደግሞም ሰው ያበላሸው ነገር ሰው ሊያስተካክለው ይችላል የሚለው ሀሳብ ራሱ ጉልበት ይሰጣቸዋል።

«ያበላሹት እነሱ፣ እኛ ምን አገባን?» ሲሏችሁ

ይሄ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጎበዙ ልጅ ነው የሚመጣው። «ቲቸር፣ ጭሱን የሚለቁት ትልልቆቹ አገሮች ናቸው፣ እኔ አንድ ችግኝ ብተክል ምን ይለወጣል?» አለኝ አንዱ፣ ተነስቶ ቆሞ። እንዳትሸሹት። ልክ ነህ በሉት፣ ምክንያቱም ልክ ነው፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ የካርቦን ድርሻ በአለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው፣ መብራታችንም ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ የሚመነጭ ነው። ያንተ ችግኝ ብቻውን የአለምን ሙቀት አያወርድም። ግን ጥላው ያንተ ነው፣ የሚይዘው አፈር ያንተ ነው፣ የምትጠርገው ቦይ ውሃውን ያንተ ቤት እንዳይገባ ነው የሚያደርገው፣ የከሰሉን ጭስ የምትስበው ያንተ እናት ናት። ድርቁም ጎርፉም ማን አጠፋ ብሎ ጠይቆ አይመጣም።

ከዛ ደሞ የመናገር መብታቸውን ጨምሩበት። በፈረንጆቹ 2027 የአለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ነው የሚካሄደው። ያኔ 12ኛ ክፍል የሚሆን ልጅ ዛሬ እጃችሁ ላይ ነው፣ ስለ ሰፈሩ ቁጥርና ፎቶ ይዞ «እኛ ይሄን ሰርተናል፣ እናንተስ?» ማለት የሚችለው አሁን መስራት ከጀመረ ነው። የኬንያዋን ዋንጋሪ ማታይንም ንገሯቸው፣ በ1977 በፈረንጆች ናይሮቢ ውስጥ 7 ዛፍ ተክላ ነው የጀመረችው፣ በ2004 የኖቤል ሰላም ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሰባት ዛፍ ደሞ ማንኛውም የትምህርት ቤት ግቢ ይችላል።

አንድ ስራ ብቻ ምረጡ

አስር ነገር ዘርዝራችሁ ስትሰጧቸው አንዱንም አይሰሩትም። እኔ ለመጀመሪያ የምመርጠው ኮምፖስት ነው፣ የሚበሰብስ ቆሻሻን ወደ ማዳበሪያ አፈር መለወጥ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ውጤቱ በሁለት ሳምንት በእጅ ይነካል፣ ወጪ የለውም፣ ምክንያቱንም ለማስረዳት ቀላል ነው። ከየቤታችን ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው፣ ልጣጭ፣ ትራፊ ምግብ፣ ቅጠል። ይሄ አየር ሳያገኝ ታፍኖ ሲከመር ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ሚቴን ደሞ በ20 አመት ጊዜ ውስጥ ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ያሞቃል። ቆሼን ሁላችንም እናስታውሳለን፣ መጋቢት 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ያለቀበትን። ይሄን ለልጆች ስትናገሩ በክብር ይሁን፣ እዛ ዘመድ የሞተበት ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ግቢው ጥግ ላይ ጥላ ያለበት ቦታ፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር በአሮጌ ጣውላ ወይ በእንጨት እጠሩ፣ ከዚህ ካነሰ ክምሩ አይሞቅም። ስር ላይ ጭራሮ ነገር አንጥፉ፣ አየር እንዲገባ። ከዛ ሁለት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ አንድ እጅ እርጥብ፣ እርጥብ ማለት የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጎመን ግንድ፣ ገረባም ይሆናል፣ በላዩ ትንሽ አፈር፣ እንደዛ እያላችሁ እስከ ደረት ድረስ። ስጋ፣ አጥንትና ዘይት የነካው ነገር አይገባም፣ አይጥ ይጠራል። እርጥበቱን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጡት፣ ውሃ ከተንጠባጠበ በዝቷል፣ ደረቅ ቅጠል ጨምሩ፣ እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ደርቋል፣ ውሃ እርጩበት፣ ተያይዞ ከቀረ ልክ ነው። በሳምንት አንዴ በአካፋ ይገላበጥ። የሚሸት ከሆነ አየር አጥቷል ማለት ነው፣ ቶሎ አገላብጡት።

አሁን ልጆቹን ወደሚይዛቸው ነገር ልምጣ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቁራጭ ፌሮ መሀሉ ድረስ ውጉና አስር ደቂቃ ተዉት፣ ከዛ ስባችሁ አውጥታችሁ «ንኩት» በሏቸው። በደንብ ከተሰራ ፌሮው ሞቆ ነው የሚወጣው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሲሆን ሲገላበጥ እንፋሎቱ ሲወጣም ያያሉ። እኔ ያንን ያየ ልጅ ሲረሳው አላየሁም፣ ቤቱ ሄዶ የእናቱን የልጣጭ ሳህን ይጠብቃል፣ «አትጣይው እማ፣ ለክምሩ ነው» ይላል። አንዷ እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ «ልጄ ምን ሆኖ ነው ልጣጭ የሚሰበስበው?» ብላ ጠየቀችኝ፣ አሳየኋት፣ በማግስቱ እሷም በፌስታል ይዛ መጣች፣ ፌስታሉን ግን መለስኩላት፣ ባልዲ እንድትጠቀም ብዬ። ከሶስት አራት ወር በኋላ ጥቁር ፍርክስክስ ያለ፣ የክረምት መሬት የሚሸት አፈር ይሆናል፣ እሱን ለችግኝ ትጠቀሙታላችሁ።

ችግኝ፣ ግን እስኪፀድቅ

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ሲጀመር ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ነበር፣ ያን ቀን ያልወጣ ሰው ሰፈራችን አልነበረም፣ ደስ ይል ነበር። እኛም ክበባችን 40 ተከልን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ፖስት አደረግን። ጥር ላይ ሄደን ስናይ 6 ብቻ ቀርተዋል፣ የቀረው ደርቋል፣ ገሚሱን ፍየል በልቶታል። ሁለት ሴት ልጆች አለቀሱ። ያን ቀን ነው የገባኝ፣ ልጆቹን በሐምሌ አንድ ቀን ጠርተን ከዛ ከረሳናቸው ያስተማርናቸው መትከልን ሳይሆን መተውን ነው።

ስለዚህ ከዛ ወዲህ ቁጥሩን ቀነስነው፣ ለሁለት ልጅ አንድ ችግኝ፣ አለቀ። ጉድጓዱን ግንቦት ወይ ሰኔ መጀመሪያ ላይ አስቀድማችሁ ቆፍሩ፣ ጥልቀቱም ስፋቱም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ አስቀምጡ። ስትተክሉ ችግኙ ያለበትን ላስቲክ በምላጭ ከጎን ቀድዳችሁ አውጡት፣ ከነላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ ስንት ነው ያየሁት፣ ስሩ መውጫ አጥቶ ተጠቅልሎ ይሞታል። አፈሩ እንዳይፈርስ ከስር በመዳፋችሁ ደግፉት፣ ጥቁሩን አፈር ከኮምፖስት ጋር ቀላቅላችሁ መጀመሪያ እሱን መልሱ፣ በእግር ቀስ አድርጋችሁ እርገጡት፣ በእሾህ እጠሩት፣ ዙሪያውን በደረቅ ሳር ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ግንዱን ግን ሳሩ እንዳይነካው።

የአገር በቀል ዛፍ ምረጡ፣ ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ቦታው ቆላ ከሆነ ግራር ወይ ዋንዛ። ባህር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ ለማገዶ ተብሎ መጥቶ ብዙ ጠቅሟል፣ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥና ምንጭ አጠገብ ግን አትትከሉት፣ ውሃ ይጠጣል። ለልጆች ደሞ አንድ ሁለት የሚበላ ጨምሩ፣ አቮካዶ ወይ ዘይቱን፣ የሚበላ ነገር ጠባቂ አያጣም።

ከጥቅምት ጀምሮ ያለው በጋ ነው ፈተናው። አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ፣ ክዳኑን በመርፌ ሁለት ቦታ ብሱት፣ ታቹን ቁረጡ፣ አፉን ወደታች ገልብጣችሁ ከችግኙ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ግማሹን ቅበሩት። ውሃ ስትሞሉት ቀስ እያለ ስሩ ጋ ይንጠባጠባል፣ በቀጥታ ብታፈሱት ግን ግማሹን ፀሀይ ነው የሚወስደው። ለዚህ የልብስ እጣቢ ሳይሆን የአትክልት እጣቢ ውሃ ይበቃል። የማጠጣቱን ተራ በእቁብ አስኪዱት፣ ዕጣ ይወጣል፣ ተራው የደረሰው በሳምንት ሁለቴ ያጠጣል፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ፎቶ ይልካል። ለምን እቁብ አልኩ፣ ልጆቹ ቤታቸው ያዩት ስለሆነ ህጉን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ተራ መዝለል ነውር እንደሆነ ያውቁታል።

ቤት ውስጥ

እዚህ ላይ ብዙ አልልም፣ ከሰል ዋናው ነው። በባህላዊ መንገድ 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። ባቄላና ሽምብራ ከማታ ማዘፍዘፍ፣ ድስት መክደን፣ የተረፈውን ፍም ክዳን ባለው ቆርቆሮ አፍኖ ለነገ ማስቀመጥ፣ ይሄን ሁሉ ልጅ ይችለዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት እቃ ሁሉ በላይ መብራት የሚበላ ስለሆነ፣ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ በሳምንት ሶስቴ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንዴ አብዝቶ መጋገርና የመጨረሻዋን እንጀራ አጥፍቶ በቀረው ግለት ማውጣት። ፌስታልን በተመለከተ በ2017 ምክር ቤቱ የሚከለክል አዋጅ አፅድቋል፣ ልጆቹ ዘንቢል ይዘው ሱቅ ይሂዱ፣ አያቶቻቸው እንደዛ ነበር የሚሄዱት።

አደራ ግን ልጆቹን የሰፈር ፖሊስ አታድርጓቸው። አንዴ አንድ ልጅ የጎረቤት እትዬን «ለምን ፌስታል ያዙ» ብሎ ፊት ለፊት ተናገራቸው፣ ትልቅ ሰው አሳፍሮ ማንም ከጎኑ አልቆመለትም፣ እኔም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ከአሮጌ ቀሚስ የተሰፋ ከረጢት ወሰደላቸው፣ እስካሁን ይይዙታል።

ብር ሲያስፈልግ ሃይላንድና ካርቶን ሰብስባችሁ ለቁራሌ ሽጡ፣ ሂሳቡን ከልጆቹ አንዱ ይያዝ፣ በየወሩ ጮክ ብሎ ያንብበው። መሪውንም ራሳቸው ይምረጡ፣ የምትመርጡት እናንተ ከሆናችሁ ክበቡ የእናንተ ነው የሚሆነው፣ ስትቀሩ ይቀራል።

በመጨረሻ ስለ ማስረከብ። 8ኛ ወይ 12ኛ ክፍል ጨርሶ የሚሄድ ልጅ ችግኙን ለታናሽ ያስረክብ፣ ሰኔ ላይ፣ ዛፉ ስር ቆመው። ከዛፉ ጋር አንድ ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሰጣል፣ ሶስት ነገር ይፃፍበት፦ መቼ ተተከለ፣ ውሃው ከየት ይቀዳል፣ ከዛሬ ጀምሮ የማን ነው።