ሰዓቱን እንጂ ስሙን የማታውቁት ሰው አጠገብ እንዴት ይኮናል

ሁላችንም አንድ እንዲህ አይነት ሰው አለን መሰለኝ፣ በየቀኑ እዛው ቦታ ይመጣል፣ ያችኑ ነገር ያደርጋል፣ ይሄዳል። ጸሎት ሊሆን ይችላል፣ ስፖርት ሊሆን ይችላል፣ ለእርግብ ጥሬ መበተን ሊሆን ይችላል፣ ምን እንደሆነ ጭራሽ የማይገባም አለ። አጠገቡ ስትሆኑ ምን እንደሚደረግ እኔ አበላሽቼ ነው የተማርኩት።

የኔው ባስ መጠበቂያ ጋ የሚመጡ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ይመጡና ከኮት ኪሳቸው መሀረብ አውጥተው ከሁለቱ ወንበር አንዱን ይጠርጋሉ፣ ጠርዙን ሁሉ ሳይቀር፣ ከዛ መሀረቡን አራት ቦታ አጥፈው ይከቱና የሚቀመጡት ባልጠረጉት ላይ ነው። የተጠረገው ባዶውን ይሆናል። ሁለተኛው ባስ ሲሄድ ተነስተው ይሄዳሉ፣ ተሳፍረው አይቻቸው አላውቅም። እና እኔ ጅሉ አንድ ቀን ደክሞኝ የጠረጉት ላይ ዘጭ አልኩ። ምንም አላሉኝም፣ መሀረቡን እንደያዙ ትንሽ ቆሙና ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን ለዩ። የቆመበት ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለው ባዶ ቦታም የሱ ነው። ሶላት ላይ ያለ ሰው ከሆነ በፊቱ አይታለፍም፣ መንገዱ ቢረዝምባችሁም በኋላው ዞራችሁ እለፉ፣ ሰላም ብላችሁት ዝም ቢልም እንዳትቀየሙ ምክንያቱም መሀል ላይ ቢያወራ ሶላቱ ይበላሽበታል። ቲቤት ላሳ ከተማ ጆካንግ የሚባል የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ ዙሪያ ደሞ ሰዉ ለጸሎት የሚዞረው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፣ በደረታቸው መሬት ላይ እየተዘረጉ እየተነሱ የሚሄዱም አሉ፣ እዛ ለፎቶ ብሎ በተቃራኒው የሚመጣ ቱሪስት መሆን ያሳፍራል።

ስልክ ኪስ ውስጥ ይሁን። በጀርባው ነው የቀረጽኩት ፊቱ አይታይም ትላላችሁ ግን ቦታውና ሰዓቱ ከታወቀ በቃ፣ በነጋታው ስልክ ደግኖ የሚጠብቀው ሰው ይኖራል።

ማየቱ ችግር የለውም፣ መፍጠጥ ነው ችግሩ። ዓይናችሁ ከተጋጨ ራስ ነቅነቅ አርጎ ወደ ጉዳይ መመለስ። መጠየቅ ካማራችሁ ሲጨርስ ይሁን፣ እሱም "ለምንድነው እንዲህ የሚያደርጉት" ሳይሆን "እንደምን አደሩ" ብቻ፣ የቀረውን መናገር ከፈለገ ራሱ ይናገራል (የማይፈልግም ሞልቷል)።

ቦታው በናንተ እጅ ከሆነ ማለትም ጥበቃ ወይ ጽዳት ወይ አስተዳደር ከሆናችሁ ይቺን ያዙልኝ። ሎንደን ኢምባንክመንት ባቡር ጣቢያ ላይ ተሳፋሪው ከባቡሩና ከመቆሚያው መሀል ያለውን ክፍተት እንዲጠነቀቅ የሚናገር የተቀዳ ድምፅ ነበር፣ ተናጋሪው ተዋናይ በ2007 በፈረንጆች ሞተ፣ ሚስቱ ግን እዛ ጣቢያ ቁጭ ብላ ድምፁን ትሰማ ነበር። ከዛ ሲስተሙ ተቀየረና ድምፁ ጠፋ። ማንም አስቦ አልጎዳትም፣ ዕቃ ነው የቀየሩት። ሄዳ ስትጠይቅ ቅጂውን ሰጧት፣ በ2013 ደሞ እዛው ጣቢያ ላይ ድምፁን መለሱት። እና የማይረባ የሚመስል አግዳሚ ከመንቀላችሁ ወይ ዛፍ ከመቁረጣችሁ በፊት እዚህ በየቀኑ የሚመጣ ሰው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ሁለት ቀን ቢቀር አትሸበሩ። ከቆየ እዛ አካባቢ የሚሰራ ሰው ጠይቁ እንጂ ቤቱን ፍለጋ አትውጡ። እናንተ ፊት ቢወድቅ ግን ጸሎት ላይ ነው ምናምን የለም፣ ሮጣችሁ አንሱት።

የኔው ሽማግሌ ከዛ በኋላ ሶስት ቀን ቀሩ፣ ሌሊት ሌሊት ያቺን ወንበር ነው የማስበው። በአራተኛው ቀን መጡ። እኔ ምሰሶው ጋ ቆሜ ነበር። አዩኝ፣ ወንበሩን አዩ፣ መሀረቡን አወጡ።