ፋይሉ እየገዘፈ ጽሑፉ የሚደበዝዝ የስክሪን ቀረጻ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ዲስኩ ላይ በቂ ቦታ መኖሩን፣ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር መታደሱንና የሚቀረጸው ስክሪን በትክክል መመረጡን አስቀድሞ ላረጋገጠ ሰው ነው። ምሳሌዎቹ ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባለውን የስክሪን መቅረጫ ፕሮግራም ቅንብር የተከተሉ ናቸው፤ በሌሎች መቅረጫዎች የቅንብሩ ስም ሊለይ ይችላል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው።

ምልክት፦ ቢትሬት ቢጨመርም ጽሑፉ አይጠራም፣ ፋይሉ ግን ያብጣል

ደጋግሜ ያስተካከልሁት ብልሽት ይህ ነው። ቀራጩ ፊደሎቹ ሲደበዝዙበት ጥፋቱን ሁሉ በቢትሬት (ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ በሚመደበው የመረጃ መጠን) ላይ ይጥልና ከ6,000 ወደ 15,000፣ ከዚያም ወደ 40,000 ኪሎቢት በሰከንድ ከፍ ያደርገዋል። በ40,000 የተቀረጸ ቪዲዮ በደቂቃ 300 ሜጋባይት፣ በሰዓት 18 ጊጋባይት ይይዛል፤ ድብዘዛው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ምክንያቱም ምስሉ የተበላሸው ቪዲዮውን የሚጨምቀው ኢንኮደር ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው።

መንስኤው የምስሉ መለጠጥ ወይም መጥበብ ነው። 1366 በ768 ፒክስል የሆነ የላፕቶፕ ስክሪን 1920 በ1080 ሆኖ እንዲወጣ ሲታዘዝ፣ አንዱ ፒክስል ወደ 1.4 ፒክስል ገደማ መለጠጥ ይኖርበታል። ፒክስል ደግሞ ስለማይከፈል ፕሮግራሙ የጎረቤታሞቹን ቀለም እያደባለቀ ክፍተቱን ይሞላል፤ ስለታም የነበረው የፊደል ጠርዝም ግራጫ ይሆናል። ኢንኮደሩም አንድም አዲስ መረጃ ሳያገኝ እጥፍ የሚጠጋ ፒክስል ይሸከማል። የ1080 ስክሪን ወደ 720 ሲጠብም ጽሑፉ በተመሳሳይ መንገድ ይጎዳል። በግዕዝ ፊደል ላይ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ቅጥሉ ያለበት ቦታ ብቻ በመሆኑ፣ በደበዘዘ ቀረጻ ላይ ተመልካቹ ቃሉን የሚያነበው በግምት ነው።

ለመመርመር ቪዲዮውን በመስኮቱ ልክ ሳያጠቡ በ100 ፐርሰንት መጠኑ ይክፈቱና ስክሪኑ ለበርካታ ሰከንዶች ሳይንቀሳቀስ የቆየበት ቦታ ላይ ያቁሙት። ጽሑፉ እዚያም ደብዛዛ ከሆነ ችግሩ የመጠን ልወጣ ነው። ገጹ ሲንሸራተት ብቻ እየተቆራረሰ፣ ሲቆም ግን ወዲያው የሚጠራ ከሆነ በእርግጥም ቢትሬት አንሶታል።

መፍትሔው ሦስት ቦታዎችን ማስተካከልን ይጠይቃል፤ ብዙዎች ሁለቱን አስተካክለው ሦስተኛውን ይረሱታል። በመጀመሪያ በቪዲዮ ቅንብር ውስጥ የካንቫሱ (ምስሎቹ የሚደረደሩበት ሰሌዳ) ሬዞሉሽን፣ ማለትም የፒክስል ልኩ፣ ከስክሪኑ ትክክለኛ ሬዞሉሽን ጋር እኩል ይሁን፤ ቀጥሎ የሚወጣው ቪዲዮ ሬዞሉሽን ከካንቫሱ ጋር እኩል ይሁን፤ በመጨረሻም ካንቫሱ ላይ ያለው የስክሪን ምንጭ (የሚቀረጸው ስክሪን ምስል) ራሱ ያልተለጠጠ መሆኑ ይረጋገጥ። ምንጩን መርጠው ኮንትሮልንና አርን አብረው ሲጫኑ ወደ ተፈጥሯዊ መጠኑ ይመለሳል።

አንዲት መምህርት የሁለት ሰዓት ትምህርት ቀርጻ 36 ጊጋባይት ይዛ መጥታ ነበር፤ ስክሪኗ 1366 በ768 ሆኖ ሳለ ቅንብሯን የወሰደችው ለሁሉም ሰው 1920 በ1080 ከሚያዝ «ምርጥ ቅንብር» ነበር። ሬዞሉሽኑን አመሳስለን፣ ከታች የምገልጸውን የኢንኮደር ቅንብር ቀይረን ያንኑ ትምህርት ስትቀርጸው ፋይሉ ከ1 ጊጋባይት በታች ሆነ፣ ጽሑፉም እንደ ስክሪኑ ጠራ። የሰው ስክሪን ስንት ፒክስል እንደሆነ ሳይጠይቅ ቁጥር የሚያድል ሁሉ እንዲህ ያለውን ድካም በሰው ላይ ያመጣል። ሌላ ሰው ደግሞ ሁለቱን ቁጥሮች በትክክል አመሳስሎ ሳለ ድብዘዛው አልለቀቀውም፤ ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ምንጩን በመዳፊት ሲያንቀሳቅስ ጠርዙን ጎትቶት ኖሮ፣ በምንጩ ዙሪያ ያለው ቀይ መስመር ከካንቫሱ ጥቂት ፒክስል ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ምንጩን ካስተካከሉ በኋላ ይቆልፉት።

ጥራት እንጨምራለን የሚሉ መለወጫ ፕሮግራሞችን አይሞክሩ። የጠፋ ጠርዝ አይመለስም፤ በእያንዳንዱ ዳግም ኢንኮድም ምስሉ ተጨማሪ ጥራት ያጣል።

ምልክት፦ ስክሪኑ ብዙም ሳይንቀሳቀስ ፋይሉ ግዙፍ ይሆናል

መንስኤው ሲቢአር የሚባለው ቋሚ ቢትሬት ነው። ይህ ዘዴ የኔትወርኩ አቅም እኩል እንዲያዝ ለቀጥታ ስርጭት የታሰበ ነው፤ ለፋይል ቀረጻ ሲውል ግን ለቆመ ስላይድም ለሚሮጥ ምስልም ያንኑ ያህል ቢት ያወጣል። በኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር በሚሠራው በኤክስ264 ኢንኮደር ሲአርኤፍ የሚለውን የጥራት ቅንብር ይምረጡና ከ20 ይጀምሩ፤ ኢንኮደሩ ጥራቱን ይዞ ቢቱን እንደ እንቅስቃሴው መጠን ያወጣል። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፤ በ6 ከፍ ሲል ፋይሉ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ቁጥር የግራፊክስ ካርዱ ኢንኮደር ወደሚጠቀምበት፣ ሲኪውፒ ወደሚባለው የጥራት ቅንብር እንዳለ አይገልብጡት፤ የሁለቱ መለኪያ አንድ አይደለም። ሲአርኤፍ 0 ለዕለት ተዕለት ቀረጻ አይሆንም፤ አንዳች ሳይጥል ስለሚይዝ ፋይሉን ያለ ልክ ያገዝፈዋል። ለትምህርትና ለገለጻ በሰከንድ 30 ፍሬም ከበቂ በላይ ነው። የሚንቀሳቀስ የዴስክቶፕ ምስልንም ያጥፉ፤ ማንም የማያየው እንቅስቃሴ በየሰከንዱ ቢት ይበላል።

ምልክት፦ ጥቁሩ ጽሑፍ ጠርቶ ቀዩ ብቻ ይደበዝዛል

መንስኤው የቀለም አመዘጋገብ ነው። 4:2:0 በሚባለው የተለመደ አሠራር ብርሃን ለእያንዳንዱ ፒክስል ሲመዘገብ ቀለም ግን ለአራት ፒክስል አንዴ ብቻ ይመዘገባል። ቀለምንም ለእያንዳንዱ ፒክስል የሚመዘግበው 4:4:4 ይህን ይፈታል፤ ሆኖም ብዙ ስልኮችና ማጫወቻዎች ስለማይከፍቱት፣ በጥቁር መደብ ላይ ቀይ ጽሑፍ አለመጠቀም ይሻላል።

ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥሙ

ቀረጻው 4 ጊጋባይት ላይ ከቆመ ዲስኩ ከዚህ የሚበልጥ ፋይል በማይቀበለው በፋት32 የተዘጋጀ (ፎርማት የተደረገ) ነው፤ በኤክስፋት ይዘጋጅ፣ ነገር ግን አስቀድመው ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፤ ሁሉም ይጠፋሉና።

ድምፁ በአርትዖት ጊዜ ቀስ በቀስ ከምስሉ ከተለየ የፍሬም ፍጥነቱ ተለዋዋጭ ነው፤ ከአርትዖት በፊት ወደ ቋሚ ፍጥነት ይለወጥ።

መብራት ተቋርጦ የኤምፒፎር ፋይሉ አልከፈት ካለ፣ በተለመደው ኤምፒፎር የፋይሉ ማውጫ የሚጻፈው ቀረጻው ሲያበቃ ስለሆነ ሳይጻፍ ቀርቷል። ከእንግዲህ ኤምኬቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት ይቅረጹና ሲጨርሱ ኦቢኤስ ውስጥ ባለው የመያዣ መለወጫ ወደ ኤምፒፎር ያዛውሩት፤ ምስሉ ዳግም ኢንኮድ ስለማይደረግ ጥራቱ አይነካም።