ድስቱን ጋቢ አልብሱት

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 አይደርስም። ሽምብራና ባቄላ አልበስል እያለ ከሰል የሚጨርስብን አንድም በዚህ ነው። እሳቱን ብታበረቱት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ለንፍሮ የሚሆነውን ሽምብራ ማታ እዘፈዝፈዋለሁ። ጠዋት ውሃውን ደፍቼ በአዲስ ውሃ እጥደውና ክዳኑን ገጥሜ ግማሽ ሰዓት አንተከትከዋለሁ። ከዚያ አውርጄ፣ ገለባ የተጎዘጎዘበት ቅርጫት ውስጥ አስቀምጬ በአሮጌ ጋቢ ጥቅልል! በቃ፣ እሳት የለም። ክዳኑን እየከፈታችሁ አትዩ፣ ሙቀቱ የሚያመልጠው ያኔ ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቼ ስፈታው እንፋሎቱ ፊቴን ይመታኛል፣ ሽምብራውም በጣት ሲጫኑት ልስልስ ይላል። ካልለሰለሰ ትንሽ መልሶ መጣድ ነው። ለማንኛውም ከመብላታችሁ በፊት አንዴ አፍሉት።

ቦሎቄ ላይ ግን አደራ! በደንብ ያልፈላ ቦሎቄ ሆድ ክፉኛ ያውካል። ጋቢው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ሙሉ በኃይል ይንተክተክ።

በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግሩ ደግሞ፣ የመጨረሻዋን ሊጥ ከማፍሰሳችሁ በፊት አጥፉት። በያዘው ግለት ትበስላለች። ምጣዱ ሳይቀዘቅዝም የተረፈ እንጀራ ጣል አድርጉበት፣ ለድርቆሽ ይደርቅላችኋል።