ብሪጅ፦ ደሚው መግቢያ ሲያጥረው

አራት ኪሎ ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶ እየጠጣ ስልኩ ላይ ብሪጅ (አራት ሰው ሁለት ለሁለት ሆኖ የሚጫወተው የካርታ ጨዋታ) የሚጫወት ሰው ካያችሁ፣ ኮንከር ላይ ያደገ መሆኑ ወዲያው ያስታውቃል። ይቸኩላል። ተጋጣሚ የመጀመሪያዋን ካርታ ሲጥል፣ ደሚው (ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ እሱ ራሱ የሚያጫውተው የጓደኛው እጅ) በደንብ ሳይታይ እሱም ጣል። ብሪጅ ላይ ብዙ ኮንትራት፣ ማለትም ይህን ያህል ትሪክ እወስዳለሁ የሚል ቃል፣ የሚበላሸው እዚያችው ላይ ነው፣ በተለይ ደሚው ከአንድ ዓይነት ካርታ ብዙ ይዞ መግቢያው ጠባብ ሲሆን።

ትሪክ አራቱም እጅ አንድ አንድ ካርታ የሚጥሉበት ዙር ነው፤ መግቢያ የምለው ደሚው ውስጥ ያለን፣ ትሪክ የሚያሸንፍ ካርታ ነው። ትሪኩን ያሸነፈው እጅ ነው ቀጥሎ የሚመራው፣ ማለትም መጀመሪያ ካርታ የሚጥለው፤ ስለዚህ ከደሚው መምራት ከፈለጋችሁ ደሚው ማሸነፍ አለበት። ትሪክ ከቆጠራችሁ በኋላ ይህንንም ቁጠሩ፦ ደሚው ጋ ስንቴ መሄድ አለብኝ? ስንቴስ መሄድ እችላለሁ? የመጨረሻዋ መግቢያ ማታ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ እንደሚነሳ የመጨረሻ ታክሲ ናት፣ ካመለጠች አለቀ።

አንድ እጅ እንይ። ኮንትራቱ ሦስት ኖትራምፕ (ሌላውን የሚገዛ ካርታ የሌለበት) ነው፣ 9 ትሪክ ይፈልጋል። እናንተ ጋ ስፔድ አስ ኪንግ 6፣ ኸርት አስ ኪንግ 7 4፣ ዳይመንድ 7 3፣ ክለብ አስ ኩዊን 10 4 አለ። ደሚው ጋ ስፔድ 7 4፣ ኸርት 8 6 3፣ ዳይመንድ አስ ኪንግ 6 5 4 2፣ ክለብ 9 5። ተጋጣሚ በስፔድ ኩዊን ጀመረ።

እርግጠኛው 7 ትሪክ ነው፦ ስፔድ 2፣ ኸርት 2፣ ዳይመንድ 2፣ ክለብ 1። የቀረው ከዳይመንዱ መምጣት አለበት፣ ደሚው ደግሞ ከዳይመንዱ አስና ኪንግ ሌላ መግቢያ የለውም። አስና ኪንጉን ቶሎ ከተጫወታችሁ ሦስተኛውን ዙር ተጋጣሚ ይወስዳል፣ የቀሩት ሦስት ዳይመንዶች ያምራሉ፣ ግን የሚደርስባቸው የለም። እናንተ ጋ ዳይመንድ አልቋል።

መፍትሔው የመጀመሪያውን ዙር መልቀቅ ነው። ስፔዱን በአስ አሸንፉ፣ ዳይመንድ 3 ምሩ፣ ከደሚውም 2 ጣሉ። ትሪኩን በፈቃዳችሁ ሰጣችሁ። ስፔድ ሲመልሱ በኪንግ ውሰዱ፣ ከዚያ በዳይመንድ 7 ወደ አሱ ሂዱ። ተጋጣሚዎች ጋ ያሉት 5 ዳይመንዶች 3 ለ 2 ከተከፈሉ፣ ይህም 68 ከመቶ ገደማ ነው፣ አስና ኪንጉ ሁሉንም ያጠራሉ፤ 5 የዳይመንድ ትሪክ አገኛችሁ፣ በድምሩ 10። 4 ለ 1 ከሆነ ግን አይሠራም፣ ዕድል ነው። መስጠት የማይወድ ሰው ይህን ጨዋታ ለመልመድ ይቸገራል፣ ለእኔ ግን ብሪጅ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያው ትሪክ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። በአንድ ዓይነት ካርታ ደሚው ኪንግ 4፣ እናንተ አስ 6 3 ካላችሁና ተጋጣሚዎች በዚያው ከመጡባችሁ፣ በእጃችሁ አስ ውሰዱ። ኪንጉ ለኋላ መግቢያ ይሆናል። በችኮላ ኪንጉን ጥለው በኋላ የሚያለቅሱ ስንት አሉ!

አጭር እጅ ላይ ያለ ትልቅ ካርታ መንገድ ይዘጋል። እናንተ ኪንግና ኩዊን ብቻ ይዛችሁ ደሚው አስ ጃክ 10 9 5 ካለው፣ መጀመሪያ ኪንጉን ተጫወቱ፣ ከዚያ ኩዊኗን በአሱ ዋጧት። ብክነት ይመስላል። ግን ከውጭ የሚቀረው ትልቁ ካርታ 8 ስለሆነ አምስቱም ትሪክ የእናንተ ነው፣ ደሚው ሌላ መግቢያ ባይኖረውም።

ደሚው አንዴ ብቻ ገብታችሁ ፊኔሱን (ከተጋጣሚ ትልቅ ካርታ ባነሰ ካርታ ትሪክ ለመውሰድ መሞከርን) ሁለቴ መድገም ካለባችሁ፣ የምትመሩት ካርታ ትልቅ ይሁን። ደሚው ጃክ 10 3፣ እናንተ አስ ኩዊን 9 5፦ ጃኩን ምሩ፣ ከእጃችሁ 5 ጣሉ። ኪንጉ በቀኝ ያለው ተጋጣሚ ጋ ሆኖ ካልሸፈነ ጃኩ ያሸንፋል፣ አሁንም ደሚው ላይ ናችሁ፣ ስለዚህ 10ሩን ከ9 ጋር ድገሙ። በ3 ከጀመራችሁ ግን ኩዊኗ አሸንፋ ወደ እጃችሁ ትመልሳችኋለች፣ መመለሻም የለም።

ደሚው ጭራሽ መግቢያ ከሌለውስ? እርሱት። ለምሳሌ ክለብ ላይ አስ ኩዊን ካላችሁ፣ በግራ ያለው ተጋጣሚ ሌሎች ካርታዎቹን እስኪጨርስ ጠብቁና አንድ ትሪክ አሸክሙት፤ ክለብ ብቻ ከቀረው ወደ አስ ኩዊናችሁ ከመምራት ሌላ ምርጫ የለውም።