በብርድ አገር የታፈነ ቤትና የራዶን ጋዝ፦ አለካኩና አቀናነሱ

ራዶን በአፈርና በአለት ውስጥ ያለው ዩራኒየም በጊዜ ብዛት ሲፈራርስ ከሚፈጠረው ራዲየም የሚወጣ ጋዝ ሲሆን ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም። ሜዳ ላይ ነፋስ ስለሚበትነው እምብዛም አያሰጋም፤ ቤት ውስጥ ሲታፈን ግን ይጠራቀማል። ራዶን ራሱ ሲፈራርስ የሚገኙት የፖሎኒየም (ጨረር አመንጪ ብረት) ቅንጣቶች ከአየር ጋር ወደ ሳንባ ገብተው ይለጠፉና አልፋ ጨረር (አልፋ የተባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ይረጫሉ፤ ጉዳቱም ከብዙ ዓመታት በኋላ በሳንባ ካንሰር ይገለጣል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት የሚያጨስ ሰው ከማያጨሰው ይልቅ በራዶን የመጎዳት ዕድሉ 25 እጥፍ ነው።

በደብረ ብርሃን፣ በመንዝና በአንኮበር ደጋ ቤት የሚሠራው ብርድን ታሳቢ አድርጎ ነው። በታኅሣሥ ውርጭ መስኮቱ ይዘጋል፣ የበሩ ሥር በጆንያ ይወተፋል፣ ኩበቱ ይነዳል። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ ቤቱ በምትኩ ከወለሉ ሥር የአፈሩን አየር ይስባል፤ በዚህም ምክንያት የራዶን መጠን ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው ሌሊት፣ ቤተሰቡ መደብ ላይ ባናውን ተከናንቦ በተኛበት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው የሚጠረጥረው የድንጋዩን ግንብ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን በቅድሚያ መታየት ያለበት ወለሉ ነው። የጣርማበር ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ሲሆን፣ ባዛልት በአብዛኛው ከግራናይት ያነሰ ዩራኒየም ይይዛል። ይሁን እንጂ ጋዙ በአለት ስንጥቅ እየሾለከ ስለሚመጣ፣ የጎረቤት ቤት ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ለራስ ቤት ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመለካት ነው። አልፋ ቅንጣት የሚመዘግበው አነስተኛ የፕላስቲክ መለኪያ መብራት ስለማይፈልግ ለገጠር ቤትም ይመቻል። መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ከወለሉ ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ፣ ከመስኮት፣ ከበርና ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥና ቢያንስ ለ3 ወር ሳይነኩ መተው ያስፈልጋል፤ መጠኑ ከቀን ቀን ስለሚዋዥቅ የጥቂት ቀናት ልኬት ሊያሳስት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 100 ቤከሬልን (ቤከሬል የጨረር አመንጪነት መለኪያ ነው) የማመሳከሪያ ልክ አድርጎ፣ ይህ ካልተቻለ ከ300 እንዳያልፍ መክሯል።

ውጤቱ ከፍ ካለ የመጀመሪያው እርምጃ መግቢያውን መድፈን ነው። የአፈር ወለል ከሆነ ሊሾ ማድረግ፣ ሊሾ ካለም ስንጥቁን፣ በተለይም ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበትን ጥግና የቧንቧ መግቢያውን በሚገባ መሙላት ይገባል። ጠዋት ጠዋት በርና መስኮት መክፈት ይረዳል፤ ሆኖም ሲዘጋ ጋዙ በሰዓታት ውስጥ ስለሚመለስ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው ደግሞ የተሻለው መንገድ ከወለሉ ኮንክሪት በታች ጠጠር አንጥፎ፣ በላዩ ወፍራም ላስቲክ ዘርግቶ፣ ከጠጠሩ ተነሥቶ ከጣሪያ በላይ የሚወጣ የፕላስቲክ ቱቦ መትከል ነው። በቱቦው ላይ የአየር መሳቢያ ሲጨመርበት ራዶኑ ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ይችላል።

ለመሥሪያ ቤትም ያው ሥርዓት ይሠራል። ቅድሚያ የሚሰጠው ሰው ረጅም ሰዓት ለሚውልባቸው ምድር ቤቶች፣ መስኮት ለሌላቸው መጋዘኖችና ለጉድጓድ ውኃ የፓምፕ ክፍሎች ነው፤ በውኃ ውስጥ የሟሟ ራዶን ውኃው ሲናወጥ ወደ አየር ይወጣልና።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ከሰል በተያያዘበት ዝግ ቤት ያደረ ሰው ራሱን ቢያመውና ቢያጥወለውለው ጥፋቱ የከሰሉ ጭስ እንጂ የራዶን አይደለም፤ ያ በአንድ ሌሊት ስለሚገድል ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ያሻል። ራዶን የሕመም ምልክት አይሰጥም፤ በሐኪም ቤት ራጅም ቤት ውስጥ መኖሩ አይታወቅም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ መለኪያው በዚያው ክፍል፣ በዚያው የብርድ ወቅት እንደገና ይቀመጥ፤ መስኮት ተከፍቶ በሚዋልበት ወር የተገኘ ቁጥር ከታኅሣሡ ጋር አይነጻጸርም።