ቃለ መጠይቅ ላይ «አንቱ» ስትባሉ

ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ግማሹን ዕድሜዬን ዳታቤዝ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልክ ሲጮህ ሰርቨር ወደቀ ብሎ የሚነሣው ሰው እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩ፤ ግን ብዙም አልደነገጥኩም። «አንቱ የተባልኩ ባለሙያ ነኝ፣ ሥራ ይጠፋል እንዴ?» አልኩ። ከዚያ ቃለ መጠይቅ ጀመርኩና «አንቱ» መባልን በሌላ ትርጉሙ አወቅኩት።

ጠያቂው ወጣት ከእኔ በፊት የገባውን ልጅ «አንተ» እያለ ሲያዋራው በር ላይ ሆኜ እሰማለሁ። እኔ ስገባ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አለኝ። መከበሬ ደስ አለኝ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ «በዕድሜ በሚያንስዎት አለቃ ሥር መሥራት አይከብድዎትም?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ሞኙ ስለ ትሕትናዬ አሥር ደቂቃ አወራሁ። አልደወሉልኝም።

ይህ ጥያቄ ይመጣባችኋል፤ መልሱን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። አጭር ይሁን፣ ስለ ጠባያችሁ ሳይሆን ስለ ሥራ ይሁን። «የመጨረሻው አለቃዬ በአሥራ አራት ዓመት ያንሰኝ ነበር። አብረን የደንበኞችን ዳታ አገልግሎት ሳናቋርጥ ወደ ክላውድ አዛውረናል።» ከዚያ ዝም። ሌላ ሲጨመርበት ማስተባበል ይመስላል።

ሕግ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አሜሪካ ለምሳሌ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነን ሠራተኛ ከዕድሜ መድልዎ የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ያላችሁበት አገር ሕግ ምን እንደሚል እወቁ፣ የተጻፈላችሁን ሁሉ አስቀምጡ። ግን «ያልቀጠሩኝ በዕድሜዬ ነው» ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ክሱ እስኪያልቅም የቤት ኪራይ አይጠብቅም።

ወደ ሲቪው እንምጣ። የእኔ ስድስት ገጽ ነበር። አንድ ወዳጄ አገላብጦ አየውና «ይሄ የሕይወት ታሪክ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የመጀመሪያው መስመር «የ27 ዓመት ልምድ ያለው ትጉህ ባለሙያ» ይል ነበር። አሁን የሚለው እንዲህ ነው፦ «ስድስት ሰዓት ይፈጅ የነበረውን የወር መዝጊያ ሪፖርት ወደ አርባ ደቂቃ አወረድኩ፤ ችግሩ አንድ የጎደለ ኢንዴክስ ነበር።» ኢንዴክስ ዳታቤዝ የሚፈልገውን ቶሎ የሚያገኝበት ማውጫ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ስለ ዕድሜዬ ሳይሆን ስለ ኢንዴክሱ ይጠይቀኛል። ያለፉትን አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ዓመታት ብቻ ጻፉ። የተመረቃችሁበትን ዓመት አውጡት። ይሄ ውሸት አይደለም፤ ከተጠየቃችሁ ግን ሳትደብቁ ተናገሩ።

የት እንፈልግ? ስህተት ውድ የሆነበት፣ ሲስተሙም ያረጀበት ቦታ። ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ሆስፒታል፣ የመንግሥት መዝገብ። ኮቦል የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ዛሬም የባንክ ሒሳብ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት ገዥ፣ ሥራ አጦች በአንዴ ሲበዙና በኮቦል የተጻፈው የሥራ አጥ ክፍያ ሲስተም ሲጨናነቅ፣ ኮቦል የሚያውቅ ሰው ያለህ ብለው በአደባባይ ተጣሩ። ዜናውን ሰምታችሁ ኮቦል ለመማር እንዳትሮጡ፤ የተጠራው በጎ ፈቃደኛ ነበር። ተፈላጊ መሆንና መከፈል ለየቅል ናቸው።

ዋናው ዕድል፣ በእኔ እምነት፣ ከአሮጌ ወደ አዲስ ሲስተም ማዛወር ነው። አዲሱን የሚያውቁ ወጣቶች ሞልተዋል። አሮጌውን የሚያነብ ሲፈለግ ግን ይታጣል። አንድ ጊዜ ልጆቹ ንጹሕ ኮድ ጽፈው ጨርሰው፣ እኔ ሠንጠረዡን ሳይ «ሁኔታ» የሚል ኮለም አገኘሁ። ዋጋው ከ1 እስከ 4 ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ሦስት መቶ ያህል ደንበኞች ላይ ግን 9 ተጽፏል። ማንም አያውቅም። ልጆቹ «የተበላሸ ዳታ ነው፣ ወደ 1 እንቀይረው» አሉ። እኔ ጡረታ የወጡትን የሒሳብ ሠራተኛ አፈላልጌ ደወልኩ። «ዘጠኝማ ክርክር ላይ ያለ ሒሳብ ነው፤ ቢል እንዳይላክባቸው እኔ ነኝ ያስጀመርኩት» አሉኝ። ቀይረነው ቢሆን ኖሮ ሦስት መቶ የፍርድ ቤት ባለጉዳዮች ቢል ይደርሳቸው ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ካላችሁ ጻፉት፣ በሁለት ደቂቃ መናገር ተለማመዱ።

ሌላም አለ። ብዙ የቆዩ ባለ 32 ቢት ሲስተሞች ሰዓት የሚቆጥሩት ከ1970 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ ቁጥሩ ጥር 19 ቀን 2038 እ.ኤ.አ. ይሞላል፣ ከዚያ ቀኑ ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ1999፣ ዓመትን በሁለት አኃዝ ብቻ የሚጽፉ ሲስተሞች 2000 ሲገባ እንዳይሳሳቱ ስታርሙ ያመሻችሁ ሰዎች፣ ይሄ ሥራ የእናንተ ነው።

በኮንትራት ማማከር ከፈለጋችሁ በሰዓት አትዋዋሉ። ልምድ ፈጣን ያደርጋል፤ በሰዓት ስትከፈሉ ፍጥነታችሁ ይቀጣችኋል። በቀን ወይም በሥራው ተዋዋሉ፣ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ። የመጀመሪያው ክፍያ ሁሌ ይዘገያል፤ የጥቂት ወር ወጪ ሳትይዙ አትግቡበት። ኦዲት፣ የመረጃ ደኅንነት፣ ቴክኒካል ጽሑፍም ሽበት የማያስቀጣባቸው ናቸው። «አስተምር» የሚሏችሁ ይበዛሉ። ከወደዳችሁት አስተምሩ፤ ክፍያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው።

መማር አይቀርም። ሁሉንም ግን አታሳድዱ። ከምታውቁት አጠገብ ያለ አንድ ነገር ያዙና ትንሽ ነገር ሠርታችሁ አሳዩ። አውክ የሚባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ ቋንቋ ከፈጠሩት ሦስቱ አንዱ ብራያን ከርኒሃን እ.ኤ.አ. በ2022፣ በሰማንያ ዓመታቸው፣ የዓለምን ፊደላት የሚያስነብበውን ዩኒኮድ ጨመሩበት። ሥራውን ሲልኩም ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) በደንብ እንደማይገባቸው ሳያፍሩ ጻፉ። እኔ ያንን ካነበብኩ ወዲህ «አልገባኝም» ማለት ቀሎኛል።

በመጨረሻ ሥራ ያገኘሁት በማመልከቻ አይደለም። ለሃያ አንድ የድሮ ባልደረቦቼ ጻፍኩ። «ሥራ ካለ አስታውሱኝ» አላልኩም፤ እሱን ማንም አያስታውስም። «የቆየ ዳታቤዝ የማዛወር ሥራ እፈልጋለሁ፣ በዚህ የተቸገረ ታውቃላችሁ?» አልኩ። አራቱ መለሱ። አንዷ ድሮ ያሠለጠንኳት ልጅ ናት፤ አሁን የክፍል ኃላፊ ሆናለች። የሦስት ወር ኮንትራት ሰጠችኝ። እሷም «አንቱ» ነው የምትለኝ። ኮዴን ስትገመግም ግን አትራራም፤ ትናንት ሁለት ጊዜ «እንደገና ይዩት» ብላ መልሳብኛለች።