ኢናላፕሪል ለደም ግፊት ሲታዘዝልዎ

ኢናላፕሪል የደም ሥሮችን የሚያጠብ ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ በብዛት እንዳይመረት በማድረግ ግፊትን የሚቀንስ መድኃኒት ሲሆን፣ በታዘዘው መጠን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይወሰዳል። ከምግብ በፊትም ሆነ በኋላ መውሰድ ስለሚቻል ጾም ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም፤ ሰዓቱን ስለማዛወር ግን አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።

ከረሱ እንዳስታወሱ ይውሰዱት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን የተረሳውን ይለፉት እንጂ ሁለቱን ደርበው አይዋጡ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግፊታቸው ሲስተካከል «ድኛለሁ» ብለው ሲተዉት ነው፤ የተስተካከለው መድኃኒቱን ስለወሰዱ ነው፤ ራስ ምታት አለመኖሩም ግፊቱ መውረዱን አያረጋግጥም።

የማይለቅ ደረቅ ሳል የዚህ መድኃኒት የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ስለሆነ፣ የሳል ሽሮፕ ከመግዛትዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በሌላ መድኃኒት ሊተካልዎ ይችላል። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ሌላ እንክብል ሳይወስዱ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ፣ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሳትዘገይ ለሐኪሟ ማሳወቅ አለባት።

ለወገብ ሕመም ያለ ማዘዣ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ሊጨምሩና ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ፋርማሲስቱን ሳይጠይቁ አይውሰዱ።